በየጠዋቱ የሚመጣውን የዲስክ ምርመራ ከማጥፋታችን በፊት



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የዛሬው ጉዳያችን ብዙዎቻችንን ጠዋት ጠዋት የሚያናድድ ነው። ኮምፒውተሩን ስንከፍት ጥቁር ገጽ ይመጣል። ዲስኩ ሊመረመር እንደሆነ፣ ማስቀረት ከፈለግን ማንኛውንም ቁልፍ እንድንጫን በእንግሊዝኛ ይነግረንና ጥቂት ሰከንዶችን ወደ ኋላ ይቆጥራል። ዝም ካልነው አንዳንዴ ክፍል እስኪያልፈን ያስጠብቀናል።

የጀመዓችን የጋራ ኮምፒውተርም ባለፈው ሴሚስተር እንዲሁ ሆኖ ነበር። በየቀኑ «ዲ» የተባለውን የዲስክ ክፍል ልመርምር ይላል፤ ወረፋ የደረሰው ተማሪ ደግሞ ቁልፍ ተጭኖ ያልፈዋል። በመጨረሻ ሰለቸንና ምርመራውን ጨርሶ አጠፋነው። ሁለት ሳምንት ያህል እፎይ አልን። ከዚያ የአንድ ተመራቂ ወንድማችን የመመረቂያ ጽሑፍ አልከፈት አለ። በፍላሽ የነበረው ቅጂ የቆየ ስለነበር የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደ አዲስ ጻፈው። ስለዚህ እንዴት እንደሚጠፋ ብቻ ሳይሆን መቼ ማጥፋት እንደሚገባም አብረን እናያለን።

ምርመራው ለምን ይመጣል?

ዲስክ ላይ የትኛው ፋይል በየትኛው ቦታ እንዳለ የሚይዝ መዝገብ አለ፤ የፋይል ሥርዓት ይባላል። ዊንዶውስ ይህ መዝገብ የተዛባ ሲመስለው በዚያ የዲስክ ክፍል ላይ «ያልጸዳ» የሚል ትንሽ ምልክት ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ምልክቱን ካየ ምርመራውን ይጀምራል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ቁልፍ ተጭነን ስናልፈው ምልክቱ አይነሳም። ምልክቱን የሚያነሳው እስከ መጨረሻው የሄደ ምርመራ ነው። በየቀኑ የሚመጣብን አንድም በየቀኑ ስለምንዘለው ነው። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ በአብዛኛው የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት የሚሠራውን በማስታወሻ ስለሚይዝ፣ አንድ ጊዜ መብራት ቢጠፋ አብዛኛውን ጊዜ መዝገቡን ራሱ ያስተካክላል። እንግዲህ ምርመራው ተሟልቶ አልቆም በማግስቱ ከተመለሰ ነገሩ ከመብራት መጥፋት ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ እየተበላሸ ወይም ገመዱ ላልቶ ይሆናል።

መጀመሪያ ምን እናድርግ?

1. ቁልፍ ተጭነን እንለፈውና የሚያስፈልገንን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ እንገልብጥ። የሚሞት ዲስክ በምርመራው ብዛት ሊብስበት ስለሚችል ቅጂው ይቅደም።

2. ከዚያ ምርመራው አንዴ እስከ መጨረሻው ይሂድ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀር ላይ ይሰካ፤ ሥራ በሌለበት ሌሊት ቢሆን ይመረጣል። መሃል ላይ ኮምፒውተሩን አናጥፋ።

3. ምርመራው ከተመለሰ የዲስኩን ጤና እንይ። ዲስኮች ስማርት የሚባል የራሳቸው የጤና መዝገብ አላቸው፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያሳየናል። ማስጠንቀቂያ ካሳየ መፍትሔው ዲስኩን መቀየር ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅለን የዲስኩን ገመድ አጥብቀን እንሞክር።

ማጥፋትና መመለስ

ትእዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል ብናስቀምጥም ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋሉ። በስታርት መፈለጊያ ላይ ሲኤምዲ ብለን ጽፈን፣ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነን እንደ አስተዳዳሪ የሚከፍተውን እንምረጥ። በሚመጣው ጥቁር መስኮት ላይ የሚከተሉትን መጻፍ እንችላለን፦

ምልክቱ መኖሩን ለማየት፦ ሲኤችኬኤንቲኤፍኤስ ዲ:

ምርመራውን ለማስቀረት፦ ሲኤችኬኤንቲኤፍኤስ /ኤክስ ዲ:

ወደ ነበረበት ለመመለስ፦ ሲኤችኬኤንቲኤፍኤስ /ዲ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትእዛዞች መጨረሻ ላይ ያለው «ዲ» የዲስኩ ክፍል ስም ነው፤ የናንተ ሲ ከሆነ ሲ በሉት። የሁለት ክፍሎችን ምርመራ ማስቀረት የፈለገ በአንድ ትእዛዝ ሁለቱንም አከታትሎ ይጻፍ፤ አዲሱ ትእዛዝ የቀድሞውን ይሽራልና። በሦስተኛው ላይ ያለው ዲ ግን የዲስክ ስም አይደለም፤ ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ሁኔታ መልስ ማለት ነው።

ማስቀረቱ ምልክቱን እንደማያነሳው አንርሳ። የታመመው እንደታመመ ነው፤ መናገሩን ብቻ ይተዋል። የኛም ስህተት ይኸው ነበር። በኋላ ወደ ነበረበት መልሰን ሌሊቱን ስናስመረምረው ዲስኩ ላይ ብዙ የማይነበብ ቦታ ተገኘ፤ ዲስኩም ተቀየረ።

ታዲያ ማጥፋት ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው? የዲስኩን ችግር አውቀን ፋይላችንን እስክንገለብጥ፣ ወይም አዲሱ ዲስክ እስኪመጣ ለጥቂት ቀናት ነው። የጋራ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ምርመራው መጥፋቱን ወረቀት ላይ ጽፈን ስክሪኑ ላይ እንለጥፍ። እዚያ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉን የሚያስቀምጥ ሰው ለኛ አማና ሰጥቶናልና የማወቅ መብት አለው።

ይህን ያነበበ ሁሉ ዛሬ ከመተኛቱ በፊት የመመረቂያ ጽሑፉን ሌላ ቦታ ላይ አንድ ቅጂ ያስቀምጥ። ገልብጦ ለመጨረስ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ያ ወንድማችን የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል።