የበግ ዓይን ገልጦ ማየት

ከመካከላችሁ ለዘመድ በግ መግዣ ገንዘብ የላከ ካለ ይህች ጽሑፍ ለእሱ ናት። እኔ ሐይቅ አካባቢ ላለችው እናቴ አሥራ አንድ በግና ፍየል አስገዝቼ ነበር። ባለፈው ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ አራቱ ሞቱ። «ጋሼ፣ ሁሉንም በየወሩ የትል መድኃኒት ግተናቸዋል እኮ!» አለኝ ታናሽ ወንድሜ በስልክ። ሙያዬ የውኃ ፓምፕ ነው፤ ስለ በግ የማውቀው ከወጥ አያልፍም። ቢሆንም ብሩን የምልከው እኔ ነኝና ማታ ማታ ማንበብ ጀመርሁ።

ዋናው ጠላት ሄሞንከስ የሚባል ትል ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር የምትረዝመው ሴቷ፣ ቀይና ነጭ ክር አብሮ የተፈተለ ትመስላለች፤ ቀዩ የጠጣችው ደም ነው። በአራተኛው የሆድ ክፍል ሆና በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች። አንድ ትል በቀን የሚያባክነው ደም 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ይህ ከቁጥር የሚገባ አይመስልም፤ በ5,000 ትል ስናባዛው ግን 250 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ደም ይሆናል። እንቁላሉ ከበጠጥ ጋር ወጥቶ፣ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ለመያዝ የደረሰ እጭ ይሆናል። እጩም ጤዛ ባረጠበው ሣር ላይ ወጥቶ የሚግጠውን በግ ይጠብቃል።

እኛ ቤት ሁሉም ሰው ተቅማጥ ነበር የሚጠብቀው። ይህ ትል ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስቀምጥም፤ ደም ይጨርሳል እንጂ። ምልክቱ የዓይን ሽፋን ውስጡ መንጣቱና ከመንጋጋ ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት መውጣቱ ነው።

የኛም ጥፋት አለበት። ሁሉንም በጅምላ ደጋግሞ መጋት መድኃኒቱን የቻሉትን ትሎች መርጦ እንደማራባት ነው። ፍየል ደግሞ መድኃኒቱን ከበግ ፈጥና ከሰውነቷ ስለምታስወጣ የበግ መጠን አይበቃትም። እኛ ጭራሽ «ትንንሽ ናቸው» ብለን ግማሹን ሰጠናቸው። ትሉን አልገደልነውም፤ አለማመድነው።

በ1990ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፋማቻ የሚባል ካርድ ተሠርቷል። ከቀይ እስከ ነጭ አምስት ቀለም አለው፤ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልጦ ከካርዱ ጋር ማስተያየት ነው። ቀዩ አይታከምም፤ የነጣው ይታከማል። የጉበት ትልም ዓይን ያነጣልና ሐኪም ማማከሩ አይቀርም።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ የሰባቱንም ዓይን እየገለጠ በቪዲዮ አሳየኝ። ሁለቱ ነጥተዋል። እናቴ ከኋላ ሆና፣ «ደግሞ ለበጎቼ መነጽር ልታዝላቸው ነው?» አለች።