የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳልን?

አባቶቻችን «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብለዋል። ዳሩ ግን በጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ምሳሌ ሰምቶ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ደብዳቤ ሲያወጣ ግልባጭ ያስቀራል። በሒሳብ መዝገብ ላይ ቢሳሳት ቁጥሩን ፍቆ አያጠፋም፤ አንድ ሰረዝ አድርጎበት ትክክለኛውን ከአጠገቡ ይጽፋል፤ ይፈርምበታልም። የተሳሳተው ቁጥር ከነስሕተቱ ስለሚነበብ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ይቻላል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ አሮጌ የመዝገብ ቤት ጥበብ ዛሬ ለአዲስ ዓይነት ጸሐፊ አስፈልጓል። ይኸውም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል የሚባለው ነው። ቀድሞ የምናውቀው መሣሪያ ሲጠየቅ መልስ ከመስጠት አያልፍም ነበር። ወኪሉ ግን ሰነድ ይከፍታል፣ ይለውጣል፣ ያጠፋል፣ ደብዳቤ ይልካል፤ ከተፈቀደለትም ገንዘብ እንዲከፈል ያዛል። ይህን ሁሉ ሲሠራ ሰው ብዕሩን ገና አላነሣም።

ለምሳሌ በምዕራብ ዓባያ፣ በብርብር ከተማ፣ የሙዝ ገበሬዎችን መዝገብ የሚይዝ አንድ ጽሕፈት ቤት አለ እንበል። ኃላፊው ወኪሉን «ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ስም ካለ አንደኛውን ሰርዝ» ብለው አዘዙት። በአገራችን ስማቸው ከነአባታቸው የሚመሳሰል ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ወኪሉም ሁለት ገበሬዎችን እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ አንደኛውን ሰረዘ። የሁለቱም የሙዝ ዋጋ ለአንዱ ተከፈለ፤ ለነጋዴውም ደብዳቤ ተላከ። የተሰረዙት ገበሬ ገንዘባቸውን ሊቀበሉ ሲመጡ ስማቸው የለም። እንግዲህ ምን ይደረግ?

መቀልበሻ የሚባለው መሣሪያ የተፈለገው ለዚህ ነው። አሠራሩ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ወኪሉ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የመዝገቡ ቅጂ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ የሠራው ሁሉ በተራ ይጻፋል፤ ከጎኑም ያንን የሚመልሰው ተቃራኒ ሥራ ይጻፋል። ሲቀለበስ ከመጨረሻው ይጀመራል፤ ሰው ካፖርቱን ሳያወልቅ ሸሚዙን ሊያወልቅ አይችልምና። ሦስተኛ፣ ተቃራኒ የሌለው ሥራ ሲያጋጥም ወኪሉ ቆሞ የሰው ፈቃድ ይጠይቃል።

ከሦስቱ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። የተሰረዘው ስም በደቂቃ ይመለሳል፤ የተነበበ ደብዳቤ ግን አይመለስም፤ የሚቻለው የማረሚያ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነው። ሄክተር ጋርሲያ ሞሊና እና ኬኔት ሳሌም የተባሉ የኮምፒዩተር ሊቃውንት በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ይህን የመሰለውን ሥራ ማካካሻ ብለው ከመቀልበስ ለይተውታል።

የገንዘቡን ነገር ከራሳችን አገር እንማረው። ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አሠራር ላይ ብልሽት ደርሶ፣ ብዙ ደንበኞች፣ ከእነርሱም መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ መጠኑን 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነው አለ። ብልሽቱን ያመጣው ወኪል አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው። የመዝገብ ቁጥር ይታረማል፤ ከኪስ የገባን ብር ግን ቁልፍ ተጭኖ ማስመለስ አይቻልም። ባንኩ ማስታወቂያ አወጣ፤ ያልመለሱትን የ567 ሰዎች ስም ከነፎቶግራፋቸው ለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብ የተመለሰው ሰዎች ስለመለሱት ነው።

የወኪልም ስሕተት ታይቷል። በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. ጄሰን ለምኪን የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ የሬፕሊትን ወኪል ምንም ነገር እንዳይለውጥ አስጠንቅቆት ሳለ፣ ወኪሉ ከ1,200 በላይ የሥራ መሪዎች የተመዘገቡበትን ሰነድ አጠፋ። ሲጠየቅም «መመለስ አይቻልም» አለ። ለምኪን ግን ሞክሮ መለሰው። መቀልበሻው በእጁ ነበረ፤ የጎደለው ስለ መቀልበሻው የሚታመን ቃል ነው። አጥፊውን ስለ ጥፋቱ ብቸኛ ምስክር ማድረግ አይገባም።

ስለዚህ የመሣሪያው መግለጫ ከመሣሪያው የማያንስ ነገር ነው። «ሁሉን ይመልሳል» የሚል መግለጫ ሠራተኛውን ያዘናጋል። መልካም መግለጫ አስቀድሞ የማይመለሰውን ይዘረዝራል፤ ቅጂው ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ለመቀልበስ የሚያዘው ማን እንደሆነ፣ የማይቀለበሰውስ በምን እንደሚካካስ ይናገራል። ይህም ሁሉ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ መጻፍ አለበት።

ወጣት አንባቢዬ፤ ይህን መግለጫ በአማርኛ የምትጽፈው ነገ አንተ ወይም እኅትህ ትሆኑ ይሆናል። እስከዚያው ግን ወኪል ወደ መሥሪያ ቤትህ ሲገባ፣ መቀልበሻውን በትርፍ ቅጂ ላይ ፈትነው፤ የማይመለሰው ሥራ የቱ እንደሆነም በጽሑፍ እንዲሰጥህ ጠይቅ። ስማቸው የተሰረዘባቸው ገበሬ በመስኮትህ ፊት ሲቆሙ መልስ የሚጠብቁት ከአንተ ነው።