ያውቁ ኖሯል? የላፕቶፕ ጩኸት ከየት ይመጣል?
በኦንላይን ስብሰባ መሀል ድንገት የሚነሳው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት «የላርሰን ክስተት» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሶረን አብሳሎን ላርሰን (1871–1957) ነው። ማይክሮፎኑ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ይይዛል፤ ያው ድምፅ ጎልቶ ይወጣል፤ እንደገና ይያዛል። እንዲህ በየዙሩ እየጎላ ሄዶ በቅጽበት ጩኸት ይሆናል።

በብዙ ላፕቶፖች ላይ ማይክሮፎኑ ከካሜራው አጠገብ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ናት፤ ስፒከሩም ከእሷ ብዙ አይርቅም። እንደ ዙም ያሉ ፕሮግራሞች የራሳቸውን ስፒከር ድምፅ ለይተው ስለሚያጠፉ አንድ ላፕቶፕ ብቻውን እምብዛም አያፏጭም። የሚብሰው ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ሆነው በየላፕቶፓቸው ወደ አንድ ስብሰባ ሲገቡ ነው፤ የአንዱ ፕሮግራም የሌላውን ስፒከር አያውቀውም። ያኔ አንደኛው ማይክሮፎኑንም ስፒከሩንም ይዝጋ፤ ወይም ሁለቱም ኢርፎን ይሰኩ።