የጥብስ እሳት፦ ከሰል ወይስ ጋዝ?

ባሕር ዳር፦ ጾም በተፈታ ቁጥር በየሥጋ ቤቱ የሚነሣ ክርክር አለ። ጥብስ በከሰል ካልሆነ ጥብስ አይደለም የሚሉ አሉ። በቡታጋዝ የተጠበሰውን ሳይለዩ በልተው እጃቸውን የሚታጠቡም አሉ። ነገሩ የምላስ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ሆኖም ክርክሩ የቤተሰብን ደኅንነትም፣ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዛፍ ተክለው ከሰል የሚያመርቱ አርሶ አደሮችን ኑሮም ይነካል።

ሥጋ ሲጠበስ ቡናማ ልባስ የሚያወጣው በውስጡ ያሉት የፕሮቲን ክፍሎችና ስኳሮች በሙቀት ተገናኝተው አዳዲስ ጣዕምና ሽታ ስለሚፈጥሩ ነው። ሂደቱ በ1912 እ.ኤ.አ. ባብራራው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በሉዊ ካሚል ማያር ስም ይጠራል። በሚገባ የሚፋጠነውም ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ነው። ውኃ ግን በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ፣ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ባሕር ዳር ደግሞ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሥጋው ገጽ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ ብዙም አይዘልም፤ ሥጋው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። መጥበሻው ከአቅሙ በላይ ሲሞላ ጥብሱ ውኃ አውጥቶ የሚገረጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ የእሳቱ አይደለም።

በኃይለኛ እሳት ቶሎ የተጠበሰ ሥጋ ጭማቂውን በውስጡ ይዘጋል የሚለው እምነት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመናዊው ሊቅ በዩስቱስ ፎን ሊቢግ ጽሑፎች በእጅጉ የተስፋፋ ነው። ትክክል አለመሆኑን ለመረዳት ጆሮ ብቻ ይበቃል። ከመጥበሻው ላይ የሚሰማው «ቸስ» የሚል ድምፅ ከሥጋው እየወጣ የሚተን ውኃ ድምፅ ነውና።

ወደ እሳቱ ስንመለስ፣ የሁለቱ ልዩነት ሙቀታቸውን በሚያደርሱበት መንገድ ላይ ነው። የጋዝ ነበልባል ራሱ ከፍም ይልቅ ይሞቃል። ነገር ግን ሰማያዊው ነበልባል ሙቀቱን በጨረር መልክ አብዝቶ አይረጭም፤ በአብዛኛው አየሩንና የተጣደበትን ብረት ያግላል። በሚገባ የቀላ የከሰል ፍም ደግሞ ከ700 ዲግሪ በላይ ደርሶ ሙቀቱን እንደ ፀሐይ በጨረር በቀጥታ ወደ ሥጋው ይልካል። ሌላም ልዩነት አለ። አንድ ኪሎ ግራም ጋዝ ሲነድ 1 ነጥብ 6 ኪሎ ግራም ገደማ የውኃ እንፋሎት ይወጣዋል። ከሰል በአብዛኛው ካርቦን በመሆኑ የሚያወጣው እንፋሎት ጥቂት ነው። በመሆኑም በፍርግርግ ብረት ላይ ለሚዘረጋ ዝልዝል ከሰል ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ለደረቅ ጥብስ ግን ወፍራም ብረት ምጣድ በጋዝ ላይ አስቀድሞ በደንብ ከጋለና ሥጋው በጥቂት በጥቂቱ ከገባ፣ በዓይን ታስሮ ሁለቱን መለየት ለብዙ ሰው ይከብዳል።

የከሰል ጣዕም የሚባለው በአብዛኛው የስብ ጣዕም ነው። በሚገባ የነደደ ፍም የራሱ ሽታ እምብዛም ነው፤ መዓዛውን የሚሰጠው ፍሙ ላይ ተንጠባጥቦ የሚጨሰው ስብ ነው። ይኸው ጭስ ግን እንደ ቤንዞፓይሪን ያሉ፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ለካንሰር መንስኤነታቸውን ያረጋገጠባቸውን ውሕዶች ይዞ ሥጋው ላይ ያርፋል። ትርፍ ስቡን መቀነስ፣ ነበልባል ሲነሣ ሥጋውን ዞር ማድረግና ያረረውን ቆርጦ መጣል ጉዳቱን ይቀንሳል።

በውጭ አገር ምግብ ቤቶች እንደሚደረገው ወፍራም ሙዳ በኃይለኛ እሳት ጠብሶ ማቅረብ ከአገራችን የበሬ ሥጋ ጋር ብዙ ጊዜ አይስማማም። በሬው ዓመታት ያረሰ ነው፤ ጡንቻውን የሚያያይዘው ጅማት ጠንክሯል። ሥጋው ደግሞ በአብዛኛው በታረደበት ዕለት ይበላል። በሌላው ዓለም ለዚህ ዓይነቱ ጥብስ የሚሆን ሥጋ ለአንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ በቅዝቃዜ ቆይቶ በራሱ ኢንዛይሞች ይለሰልሳል። የእኛ ጠባሾች ሥጋውን በትንንሹ መክተፋቸው እንግዲህ ልማድ ብቻ ሳይሆን መፍትሔም ነው። በወፍራሙ መጥበስ የሚሻ ጭቅናውን ይምረጥ።

ከጣዕሙ ይልቅ የሚያሳስበው አደጋው ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ይገድላል። ከሰሉ ጭሱን ጨርሷል፣ ቀልቷል ብሎ ወደ ተዘጋ ቤት ማስገባት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጭስ የሌለው ፍምም ይህን ጋዝ ያወጣልና። በፍም የሚቀርብ ሸክላ ጥብስም መስኮትና በር ክፍት ይፈልጋል። ቡታጋዝም የራሱ ጠንቅ አለው። ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይጠራቀማል። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ መፈተሽ፣ ሽታ ከተሰማም እሳትም ሆነ መብራት ሳይነኩ ቤቱን መክፈት ያስፈልጋል።

ከሰሉ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ በአማራ ክልል የተለየ መልስ አለው። በባህላዊው የአፈር ጉድጓድና ቁልል አከሳሰል ከ10 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም ነው። እንጨቱ ከተፈጥሮ ደን፣ ከግራርና ከወይራ ከሆነ ኪሳራው የአገር ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በፋግታ ለኮማ ወረዳ ግን አርሶ አደሮች ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለ የግራር ዘመድ በማሳቸው ተክለው ያከስላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣር ይታጨዳል፤ ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ዛፉ ተቆርጦ ይከሰልና መሬቱ ወደ ጤፍ ይመለሳል። ዛፉ ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ስለሚያስገባ በአሲዳማነት የተጎዳው መሬት ያገግማል። ከሰሉም አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል።

በቅርብ ዓመታት በዲከረንስ ላይ የደረሰው የዋግ ዓይነት የፈንገስ በሽታ ይህን ዑደት አናግቶታል። በሽታው ቅጠሉን አጥቅቶ ዛፉን ያደርቃል። በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ የተመሠረተ ገቢ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሰጋ አርሶ አደሩ በማሳው አይቶታል። ማሳው ሲደርቅ የከተማው ፍላጎት ወደ ተፈጥሮ ደን እንዳይዞር ያሰጋል።

ስለዚህ ገዢ ከሰሉ ከየትኛው ዛፍ እንደተከሰለ ቢጠይቅ መልካም ነው። ጥራቱን መለየትም አይከብድም። በደንብ የተከሰለው ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል፣ ሲሰበር ስብራቱ ያብለጨልጫል። ከመጠን በላይ የሚከብድ ማዳበሪያ ውኃ ወይም አፈር ሳይኖረው አይቀርም። መሐሉ ቡናማ የሆነው ገና እንጨት ስለሆነ ይጨሳል፤ ሥጋውን ከመጣድ በፊት ከፍሙ መካከል ለቅሞ ማውጣት ይገባል።