ዋንጫው የክለብ፣ ደመወዙ የተቋም፤ የሴቶች ቡድኖች ታሪክ ምን ላይ ይቆማል?

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች እግር ኳስ ክለብ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን 1 ለ 0 አሸንፎ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን የማጣሪያ ዋንጫ አነሣ። በዚህም በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሞሮኮ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ የተሰለፈ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። ከምድቡ ማለፍ ባይችልም ከአህጉሪቱ 8 ቡድኖች አንዱ መሆን ቀላል አልነበረም።

መንገዱ ረጅም ነበር። ንግድ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ኬንያ ላይ በፍጻሜው በቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸንፏል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ዋንጫውን በመለያ ምት ለታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ አስረክቧል። ሙከራው በመጨረሻ የተሳካው ክለቡ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሳይበተን በመቆየቱ ነው።

ሌሎች እንዲህ አልታደሉም። ደደቢት በአንድ ወቅት የአገሪቱን የሴቶች ሊግ ደጋግሞ ያሸነፈ ኃያል ቡድን ነበር፤ ቡድኑ ሲፈርስ ተጫዋቾቹ በየክለቡ ተበተኑ። የዱራሜዋ ሎዛ አበራ ከደደቢት በኋላ ወደ አዳማ ከተማ፣ በ2012 ዓ.ም. ወደ ማልታው ቢርኪርካራ፣ ከዚያም ወደ ንግድ ባንክ አቀናች፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት የአሜሪካውን ዲሲ ፓወር ተቀላቅላለች። የሷ ጉዞ ቀጠለ፤ የደደቢት ግን በዚያው ቆመ።

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር ሂውስተን ኮሜትስ የመጀመሪያዎቹን አራት ዋንጫዎች በተከታታይ ወሰደ። ሲንቲያ ኩፐር በአራቱም የፍጻሜ ውድድሮች ምርጥ ተጫዋች ተባለች። አራት ዋንጫ በተከታታይ ያነሣ ሌላ ቡድን እስካሁን የለም። ሆኖም ለቡድኑ ገዢ ባለመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ፈረሰ። ክብረ ወሰኑ አለ፤ ባለቤቱ የለም።

በእኛ አገር የሴቶች ክለቦችን የሚያስተዳድሩት በአመዛኙ መንግሥታዊ ተቋማትና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው፤ ንግድ ባንክ፣ መቻል፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ሀዋሳ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማና አዳማ ከተማ ይጠቀሳሉ። የተጫዋቾች ደመወዝ የሚመጣው ከስታዲየም መግቢያ ሳይሆን ከተቋሙ በጀት ነው። በጀቱ የተቀነሰ ዕለት አስቀድሞ የሚነካው የሴቶቹ ቡድን መሆኑ ብዙዎችን ሊያስገርም አይገባም። የኮቪድ ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. ሊጉን ባቋረጠ ጊዜም የተጫዋቾቹ ገቢ በየተቋሙ ውሳኔ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ለኢሉባቦር ቤተሰብ ጉዳዩ ሩቅ ሊመስል ይችላል፤ አዲስ አበባ ከመቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ነገር ግን በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ ሜዳ ላይ ኳስ የምትጫወት ልጅ አንድ ቀን ለክለብ እንድትፈርም ልትጠየቅ ትችላለች። ያን ጊዜ ወላጅ የወር ደመወዟን ብቻ ሳይሆን ውሉ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ትምህርቷን እንዴት እንደምትቀጥል፣ ጉዳት ቢደርስባት ሕክምናዋን ማን እንደሚሸፍን፣ ክለቡ በመሐል ቢፈርስ ቀሪው ክፍያ ከማን እንደሚጠየቅ በጽሑፍ እንዲሰፍር ማድረግ ይኖርበታል።