ተጨማሪ መረጃ፦ ጨረር፣ ምራቅና የአፍ ባክቴሪያዎች

ከየካ ወይም ከእንጦጦ ግርጌ የሚነሳ የራስና የአንገት ካንሰር ታካሚ፣ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ወደነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲመላለስ ይሰነብታል። የጨረሩ ሙሉ መጠን ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ሲሆን ከ6 እስከ 7 ሳምንት ይወስዳል። የአፉን ባክቴሪያዎች በዋናነት የሚለውጣቸው ግን ጨረሩ ራሱ አይደለም፤ የምራቅ ዕጢዎች መጎዳት ነው። ምራቅ ሲያንስ አፍ አሲዳም ይሆናል። አሲድ የሚቋቋሙት ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስና ላክቶባሲለስ፣ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስም ጭምር፣ ይበዛሉ፤ እንደ ስትሬፕቶኮከስ ሳንጉዊኒስ ያሉት ሰላማዊ ነዋሪዎች ይመናመናሉ። ጤናማ የነበረ ጥርስም በወራት ውስጥ ከድዱ አጠገብ ሊበላ ይችላል። የጥርስ ምርመራ ከጨረሩ የሚቀድመው፣ ፍሎራይድም የሚታዘዘው ለዚህ ነው። የወይራ መፋቂያ የለመደ ሰውስ? በጨረሩ ምክንያት አፉ ቆስሎ ሳለ ለስላሳ ብሩሽ ይሻለዋል።