እንዶድ፣ ቀንድ አውጣና የአድዋ ወንዝ

ዕድሜው ሃምሳን ለተሻገረ አንባቢ እንዶድን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ፍሬው ደርቆ፣ በሙቀጫ ተወቅጦ፣ በውኃ ሲዘፈዘፍ አረፋ የሚያወጣው፣ ጋቢና ነጠላ የሚያነጣው እሱ ነበር። ለበዓል ልብስ ሳሙናን የማያምኑ እናቶች ነበሩ። ዱቄቱ አፍንጫ ሲገባ እንደሚያስነጥስ፣ ዓይን ሲነካ እንደሚያቃጥል የማያስታውስ የእኔ እኩያ ካለ፣ በልጅነቱ ወንዝ አልወረደም ማለት ነው። ለልጅ ልጆቼ ሳወራላቸው ግን ተረት ይመስላቸዋል። በቴሌቪዥን የባሕር ወለል የሚያስሱ፣ በረዶ የሚቆፍሩ የውጭ ተመራማሪዎችን ሲያዩ «የእኛስ የታሉ?» ይሉኛል። የእኛውስ አንዱ ወንዝ ዳር፣ ከልብስ አጣቢዎች አጠገብ ነበር የቆመው።

አስቀድመን በሽታውን እንወቀው። ቢልሃርዚያ በደም ሥር ውስጥ በሚኖር ትል የሚመጣ በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ትሉን ካገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ከተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በወይና ደጋው የሚበዛው የአንጀቱ ዓይነት ነው፤ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው በቆላማ ሸለቆዎች ይገኛል። የትሉ እንቁላል ከሰው ሰገራ ጋር ወጥቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነገር ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል፤ ካገኘ ግን በውስጡ ተራብቶ በብዙ ሺሕ ሆኖ ይወጣል። ከዚያም የሚዋኘውን ልጅ፣ ውኃ የምትቀዳውን እናት፣ መስኖ የሚያጠጣውን ገበሬ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል።

ሐይቅ አቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስሠራ እነዚህን ልጆች ዘወትር አያቸው ነበር። ሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ክሳት። ወላጅ «ወስፋት ነው» ብሎ ያመጣቸዋል፤ የሰገራ ምርመራው ሌላ ይላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ለዓመታት ሳይታከም የቆየው ነው። ጉበቱ ጠጥሮ፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ፣ ደም እያስታወከ በቃሬዛ የሚመጣ ጎልማሳ፤ ብዙ ጊዜም ዓሣ አጥማጅ። እዚያ ደረጃ ላይ እኛ ልናደርግለት የምንችለው ጥቂት ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ የሄዱት ይህንኑ በሽታ ሊያጠኑ ነው። ወንዝ ለወንዝ ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ ከሌላው ቦታ ይበዛል። በዚያ ወንዝ ከዚያ በፊት ያለፈ ሐኪም ወይም ባለሥልጣን አይጠፋም፤ ይህን ግን ልብ ያለው የለም። እሳቸው አጣቢዎቹን ጠይቀው የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ዕቃ ውስጥ አስጨመሩ። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማተሩ፤ ደማቸው ፈሰሰ፤ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ላቦራቶሪ የገባው። ፍሬው ውስጥ ያለው፣ አረፋ የሚያወጣውም ቀንድ አውጣ የሚገድለውም ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ አንደኛው ዓይነትም በስማቸው «ለማቶክሲን» ተባለ። ውኃ ውስጥ ሲገባ በቀናት ውስጥ ፈርሶ ይጠፋል፤ እንደ ፋብሪካ መርዝ አይከማችም።

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ውስጥ በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በሽታው የተገኘባቸው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ይህን ቁጥር እንደ ነርስ ሳነበው አዳራሽ ሙሉ ሕፃናት ነው የሚታየኝ።

ታዲያ ለምን በየወንዛችን አልገባም? ከውጭ የሚመጣው የቀንድ አውጣ መድኃኒት ውድ ነው፤ እንዶድ አጥር ላይ ይበቅላል። ነገር ግን በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲመከር የመርዛማነት ፍተሻው ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ መደገም አለበት ተባለ፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ሲፈለግ ከሃያ ዓመት በላይ ሄደ። ጥንቃቄው ባልከፋ። ግን ለአንድ ቁጥቋጦ ፍሬ ሃያ ዓመት? በዚህ መካከል ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከየቦታው ከተሰበሰበው እንዶድ ኃይለኛውንና ምርታማውን መርጠው ለይተዋል፤ ቁጥር 44 የሚባለውን። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ያስተክዘኛል። በእነዚያው ዓመታት በመርከብ ሚዛን መጠበቂያ ውኃ ከአውሮፓ የተሻገረ ዜብራ መስል የሚባል ባለ ዛጎል እንስሳ የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ወሮ የውኃ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። ዶክተር አክሊሉ በኦሃዮ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እንዶድ ይህንንም እንደሚገድል በሙከራ ታየ። የፈጠራ መብቱ ሲመዘገብ ስማቸው ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆኖ ገባ፤ ባለቤትነቱ ግን የዩኒቨርሲቲው ሆነ። አረፋውን ለዘመናት ሲያውቁት የኖሩት አጣቢ ሴቶች በወረቀቱ ላይ የሉበትም። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እዚህ ላይ እንደ ጤና ባለሙያ ሁለት ነገር ልናገር። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ ባለሙያ በሌለበት ማንም ተነሥቶ ወንዝ ውስጥ አይበትነው። ሁለተኛ፣ እንዶድ አይጠጣም። ለኮሶ ትል ወይም ጽንስ ለማስወረድ ብለው የሚጠጡ አሉ፤ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፣ ሲበዛም ይገድላል።

ዛሬ ቢልሃርዚያን የምናክመው ፕራዚኳንቴል በሚባል ኪኒን ነው። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በደም ሥር ውስጥ ያሉትን ትሎች ይገድላል፤ ነገር ግን ልጁ በማግስቱ እዚያው ወንዝ ቢገባ እንደገና ይያዛል። ቀንድ አውጣውም ሜዳ ላይ የሚጸዳዳውም ሰው እስካሉ ድረስ ኪኒኑ በየጊዜው መደገም አለበት። ሽንት ቤት መቆፈር የዚሁ ሕክምና ክፍል ነው። ኪኒኑ በትምህርት ቤት ሲታደል የፍሬው ብዛት የሚወሰነው በልጁ ቁመት ነው፤ ታናሹ ረዝሞ ከታላቁ ይልቅ ቢሰጠው አትደንግጡ። የዕደላው ቀን ሲነገራችሁም ልጁን ቁርስ አብልታችሁ ላኩት፤ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ያቅለሸልሻል፣ አንዱ ሲያስመልስ ደግሞ ክፍሉ ሁሉ አልውጥም ይላል።